ብረት የገባበት ዳሌና ያልፈላ ወተት

ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ካስገቡ ሰዎች የመጣ ጥያቄ ተጠራቅሞብኛል።

ጉልበታቸው የተቀየረ አንድ አባት፣ ኤርፖርት መፈተሻው ይጮህብኝ ይሆን ብለው ተጨንቀዋል።

ሊጮህ ይችላል። ቀድመው ይንገሯቸው፤ በእጅ ፈትሸው ያሳልፉዎታል።

አንዲት ልጅ ስለ እናቷ ጽፋልኛለች፤ ዳሌያቸው ከተቀየረ ሁለት ዓመት ሆኗል። ደህና ሲራመዱ ቆይተው አሁን ቦታው ያማቸው ጀመር፤ ሲመሽ ያተኩሳቸዋል፣ አንሶላው እስኪርስ ያልባቸዋል። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ሦስት ዙር ተገዝቶላቸው ወስደዋል። ከዚያ ከዳሌያቸው ፈሳሽ ተቀድቶ ላቦራቶሪው «ምንም አላበቀለም» አለ። «ታዲያ ኢንፌክሽን የለም ማለት ነው?»

ማለት አይደለም! መጀመሪያ ያ አሞክሳሲሊን። ባክቴሪያው ብረቱ ላይ ተጣብቆ ዝልግልግ ሽፋን ስለሚለብስ ክኒን ብቻውን አይነቅለውም፤ ምርመራውን ለማበላሸት ግን ይበቃል። ሐኪሞች፣ የሕመምተኛው ሁኔታ ከፈቀደ፣ ፈሳሽ ከመቅዳታቸው በፊት መድኃኒቱን 2 ሳምንት ያህል የሚያስቆሙት ለዚህ ነው።

ዋናው ነገር ግን ደብዳቤሽ ጫፍ ላይ በጥድፊያ ተጽፏል፦ «ለፋሲካ ገጠር ሄዳ ወር ቆይታ ነበር።» ወር ሙሉ! ታልቦ አረፋው ሳይጠፋ በጣሳ የሚቀርብ ወተት እምቢ የሚሉ እናት እኔ አላውቅም። ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለ፣ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ያስይዛል፤ የጨነገፈች ላም ወይም ፍየል እንግዴ ልጅ በባዶ እጅ መንካትም እንደዚያው። ጀርሙ በደም ተጉዞ ሰው ሠራሽ ዳሌ ላይ የሚያርፍበት ጊዜ አለ፤ ብርቅ ነው፣ ግን አለ። ሲያድግም ዝግ ብሎ ስለሆነ ላቦራቶሪው ሊያመልጠው ይችላል። ቲቢም ብረት ላይ ይቀመጣል፤ ተራው ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን አብቅሎ የማየት ምርመራ፣ አያገኘውም፤ የራሱ ምርመራ ሳምንታት ይፈጃል።

ይህ ነው አላልኩም። ወተቱንም፣ ከብቱንም፣ ድሮ ቲቢ ታመው እንደሆነም ለሐኪሙ ንገሪ። ብሩሴላ፣ ማለትም የብሩሴሎሲስ ጀርም፣ ከተጠረጠረ ላቦራቶሪውም ይወቀው፤ የሚመረምረውን ሠራተኛ በትንፋሽ ሊይዘው ይችላልና። የአጥንት ሐኪሙና የተላላፊ በሽታዎች ስፔሻሊስት አብረው ይዩአቸው። ይህን ለወጉ ያህል አልጻፍኩትም፤ በዚህ ሳምንት ይሁን። አራተኛ ዙር አሞክሳሲሊን እንዳትገዢ።

«ድመቴ የተቀየረው ጉልበቴ ላይ ትተኛለች፤ ላባርራት?»

ትተኛ። ቁስል እንዳትልስ ብቻ፤ አፏ ውስጥ ያለው ፓስቱሬላ የተባለ ባክቴሪያ መገጣጠሚያ አበላሽቶ ያውቃል። ከነከሰችዎት በሳሙናና በውሃ ደህና አድርገው ይጠቡት፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም ይጠይቁ፤ ስሙ የውሻ ቢሆንም ድመትም ታስተላልፋለች።

ጥርስ ከመነቀሌ በፊት አንቲባዮቲክ ልውሰድ ወይ ያሉት ደግሞ፦ ለአብዛኛው ሰው አያስፈልግም። የመከላከል አቅምዎ የደከመ ከሆነ ሐኪምዎን ያማክሩ። የበሰበሰውን ጥርስ ግን ይነቀሉት እንጂ!