ቅጠሉ አምሮ ድንች ያልያዘው ባልዲ

ጥያቄህ ይህ ነው፦ አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ ሰፈር፣ ለትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን «የጠፈር ተጓዦች ምግብና ኦክስጅን» ብለህ በባልዲ ውሃ የተከልከው ድንች 60 ቀን ሞልቶት ቅጠሉ ጥቅጥቅ ብሏል፣ ከሥሩ ግን ምንም አልያዘም። መብራቱ በቀን 18 ሰዓት ይበራል፣ ማዳበሪያው የተበጠበጠ ዩሪያ ነው።

መብራቱን ዛሬውኑ ወደ 12 ሰዓት አውርደው። ድንች ጉልበቱን ወደ ታች የሚልከው ሌሊቱ ሲረዝምለትና ሥሩ አካባቢ ከ16–20 ዲግሪ ሲሆን ነው። እንዲያውም አዲስ አበባ ላይ አምፖሉ ትርፍ ነው፤ ቀናችን ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል፣ ሌሊቱም ቀዝቃዛ ነው። ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ካለህ አውጣው። ፖስተሩ ላይ ደግሞ «ስበት ከሌለ ድንች አይይዝም» ብለህ እንዳትጽፍ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ መንኮራኩር ላይ ከቅጠል ቁራጭ ትንንሽ ድንች ወጥቷል።

ዩሪያ የአፈር ነው። ባልዲ ውስጥ ወደ አሞኒያ ይቀየርና ሥሩን ያቃጥላል። በምትኩ ለ20 ሊትር ውሃ ካልሲየም ናይትሬት 12 ግራም፣ ፖታሲየም ናይትሬት 5፣ ማግኒዚየም ሰልፌት 5፣ ሞኖፖታሲየም ፎስፌት 1.4 ግራም፤ ብረትና ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን። ካልሲየሙን ለብቻው በሌላ ጄሪካን ሟሟው፤ ሳይቀጥን ከሌሎቹ ጋር ከተገናኘ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ5.5–6 ይሁን። በሎሚ አታውርደው፣ ባክቴሪያ ይበላውና በነጋታው ይመለሳል፤ የቀጠነ ፎስፎሪክ አሲድ ይሻላል። ድንች መያዝ እንዲጀምር ለአንድ ሳምንት ያህል ካልሲየም ናይትሬቱን በግማሽ ቀንስ፣ ፖታሲየም ናይትሬቱንም በ4.4 ግራም ፖታሲየም ሰልፌት ተካው።

ባልዲው ራሱም አይሆንም። ውሃ ውስጥ የሰመጠ ድንች ልጣጩ ላይ እንደ ኪንታሮት ነጭ ነጭ ያወጣና ይበሰብሳል። ጠፍጣፋ ሳጥን ፈልግ፣ በ1 ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር አዘቅዝቀው፣ በትንሽ ፓምፕ ጥቂት ሚሊ ሜትር ውሃ ብቻ ይፍሰስበት። ከታች ጨርቅ አንጥፍ፤ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም ሥሩን በእርጥበት የሚያቆየው እሱ ነው። ከላይ ጥቁር ላስቲክ፣ በላዩ ነጭ፤ ብርሃን የገባበት ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ አይበላም።

አሁን ያለውን ከመጣልህ በፊት ከግንዱ ሥር ወፈር ያሉ ነጭ ጅራቶች ወጥተው እንደሆነ እይ። ካሉና ሥሩ ነጭ ከሆነ ወደ ሳጥኑ አዛውረው፤ በ2 ወይም 3 ሳምንት ጫፋቸው ማበጥ ይጀምራል። ሥሩ ቡናማ ሆኖ ከሸተተ ግን በአዲስ ቡቃያ ጀምር።