ካሜራውን ተዪውና ለፋይልሽ ስም አውጪለት

«የላይብረሪ ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ምሥራቅ ጎጃም ካለ ደብር የብራና መጻሕፍት ፎቶ አንስቼ በኮምፒውተር የሚፈለግ ዝርዝር ልሠራ ነው። ምን ዓይነት ካሜራ ልያዝ?» ላልሽው እህቴ።

ያገኘሽው ካሜራ ይበቃል። እኔም ይህንኑ ፕሮጀክት ከቢቸና ወዲያ ባለ አንድ ደብር ሠርቼዋለሁ። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው፤ አንቺንም እንዳያቃጥልሽ ልንገርሽ።

1. ደብዳቤ። አማካሪሽ «የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ይበቃል» ይልሻል። አይበቃም። ከሀገረ ስብከት ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ከወረዳው ደግሞ ለደብሩ ሰበካ ጉባኤ የሚጻፍ ሌላ ደብዳቤ አለ። ይህን ያወቅሁት ደብሩ በር ላይ ቆሜ ነው። ተመልሼ አንድ ቢሮ አራት ቀን ተመላለስኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ ሳያየኝ «ነገ» ይለኛል። በአራተኛው ቀን «ይሄ ቁጥር የለውም» ብሎ ወረቀቴን ገፋልኝ። በመጀመሪያው ቀን አይቶት ነበር እኮ! አንቺ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ማኅተሙንና ቲተሩን ከግቢ ሳትወጪ አረጋግጪ። ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ይውጣ አይውጣ፣ ለደብሩስ ምን ቅጂ እንደምትሰጪ በግልጽ ይጻፍበት። መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።

2. የፋይል ስም። የኔ ጉድ እዚህ ላይ ነው።

ዕቃ ቤቱ የሚከፈተው በሦስት ሰዎች ቁልፍ ነበር። አንዱ እርሻ ላይ ነው፣ አንዱ ለቅሶ ሄዷል። ሁለት ቀን ጠብቄ ተከፈተልኝ። ቄሰ ገበዙ ተአምረ ማርያሙን ከማኅደሩ አወጡት፤ ተሳለሙትና የታጠፈ ጋቢ ላይ አስቀመጡልኝ። ጋቢው የኔ ሐሳብ ነበር፤ መጽሐፉ ተበርግዶ ጀርባው እንዳይሰነጠቅ ከሁለት ወገን ይደግፈዋል። ፍላሽ አላበራሁም፤ የመስኮት ብርሃን በቂ ነው። እሳቸው ቅጠሉን ይገልጣሉ፣ እኔ አነሳለሁ። 312 ፎቶ። ማታ ቢቸና አልጋ ይዤ ወደ ላፕቶፕ ገለበጥኩት።

በማግስቱ በሌላ ካርድ ድርሳነ ሚካኤልን አነሳሁ፤ 280 ፎቶ። ካሜራው የተዋስኩት ነው። ለካ ካርድ በተቀየረ ቁጥር ከ0001 እንዲጀምር ተደርጓል! ያን ማታ መብራት የለም፣ ላፕቶፑ ሊዘጋ ነው። እዚያው ፎልደር ውስጥ ስገለብጥ «ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል አለ፣ ይተካ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቻርጁ ሳያልቅ ልጨርስ ብዬ «ሁሉንም ተካ» አልኩት። ካሜራውን ለባለቤቱ ስመልስም ካርዶቹ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ ነው፣ እንደ ጨዋ ልጅ።

ባሕር ዳር ገብቼ ብከፍተው ከተአምረ ማርያሙ የተረፈው 32 ፎቶ ነው። የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ብቻ።

ተመልሼ ሄድኩ። ቄሰ ገበዙ «ልጄ፣ ያን ቀን ያነሳኸው የት ገባ?» አሉኝ። «ጠፋብኝ አባቴ።» «ጠፋ? ወይስ ተሸጠ?» ቁልፍ ያዦቹ እርስ በርስ ተያዩ። ውስጤ ተቃጠለ፤ ግን ምን ልበል? ስንት ቅርስ ከስንት ዕቃ ቤት እንደወጣ እነሱ ያውቃሉ። ያዳነኝ የተረፈውን በፍላሽ፣ ዝርዝሩንም በወረቀት አትሜ ይዤላቸው መሄዴ ነው። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበቡት፤ አንዷን የግዕዝ ስሕተቴንም በእስክሪብቶ አረሙልኝ። ከዚያ ቁልፉ መጣ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ሌላ ፎልደር ክፈቺ። ከእያንዳንዱ መጽሐፍ በፊት ርዕሱና ቀኑ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አንሺ። የፋይሉ ስም የደብሩን ምህጻር፣ የመጽሐፉን ቁጥር፣ የቅጠሉን ቁጥርና ፊት ወይም ጀርባ መሆኑን ይያዝ። በላቲን ፊደል ይሁን፤ በኛ ፊደል የተጻፈ የፋይል ስም የሚያበላሹ ፕሮግራሞች አሉ። ሁለት ቦታ ሳይገለበጥ ካርድ አይጸዳም። አለቀ።

3. ፍለጋው። ፕሮጀክቴን ባቀረብኩበት ቀን ፈታኙ መፈለጊያው ላይ «ስላሴ» ብሎ ጻፈ። ውጤት፦ ዜሮ። እኔ የመዘገብኩት «ሥላሴ» ብዬ ነው። ክፍሉ ሳቀ። ፀሐይን ብቻ ውሰጂ፤ ጸ እና ፀ፣ ሀ ሐ ኀ፣ ላይ ደግሞ ሃ ሓ ኃ ሲጨመሩ 12 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣል። ያ ሁሉ ለኮምፒውተሩ የተለያየ ቃል ነው። በአንድ ዓምድ ብራናው ላይ ያለውን እንዳለ አስቀምጪ። በሌላ ስውር ዓምድ ሞክሼዎቹን (ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደሎች) ወደ አንድ አምጪና ፍለጋው በዚያ ይሂድ። ይህን ያስተካከልኩት በአንድ ሌሊት ነው፤ በማግስቱ ለፈታኙ አሳይቼው ኤ ሰጠኝ። አሁን ዲፓርትመንቱ ለጀማሪዎች የሚያሳየው የኔን ነው። የ312ቱን ወሬ ግን ማንም አይነግራቸውም።

ቁጥር መስጠቱን ተውኩት። ዞቴሮ የሚባለውን የዋቢ መጻሕፍት መመዝገቢያ ፕሮግራም የምትጠቀሚ ከሆነ የኛን ሰው ስም በአንድ ሳጥን አስገቢ፤ አለዚያ የአባትን ስም ያስቀድምብሻል። ዓመተ ምሕረትን ወደ እ.ኤ.አ. ስትቀይሪም ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። እኔ ሁሉንም በ8 ቀይሬ ነበር!

ሌላው፣ ከመሄድሽ በፊት ሚኒሶታ ያለውን የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ እዪ። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሱ የኢትዮጵያ ብራናዎች እዚያ አሉ፤ ተመዝግበሽ በነጻ ታያለሽ። በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው «ቤተ መጻሕፍት» (Beta maṣāḥǝft) የሚባል ፕሮጀክት የኢንተርኔት ካታሎግም ብራና እንዴት እንደሚገለጽ ያሳይሻል። ለኔ ማንም አልነገረኝም።

መንገዱን ደውለሽ ሳታረጋግጪ አትነሺ። የሦስቱንም ቁልፍ ያዦች ስልክ ያዢ።

ካሜራውን ካልሽ ደግሞ፣ ማውጫው ውስጥ የፋይል ቁጥር የሚል አለ። «ተከታታይ» የሚለው ላይ አድርጊው።