መልስ፦ የተራራ ብስክሌትን ለጠጠር መንገድ ስለ ማዋል
የቆየውን የተራራ ብስክሌትዎን ለጠጠር መንገድ ለማዋል፣ ቀጥ ያለውን መሪ ጫፎቹ ወደ ታች በታጠፉ ቆልማማ መሪ መተካት ብቻ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል፤ አይበቃም። የተራራ ብስክሌት መሪ በእጀታው በኩል 22.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሲኖረው ቆልማማው 23.8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ አሁን ያሉት በእጅ የሚጨበጡት የፍሬን መያዣዎችና የማርሽ መቀየሪያዎች አይገቡበትም። ከዚህ የሚብሰው ግን ፍሬኑ ነው፤ በቆዩ የተራራ ብስክሌቶች ላይ የተለመደው፣ ቸርኬውን በሁለት ክንዶች ከግራና ቀኝ የሚጨምቀው ቪ-ብሬክ፣ መያዣው ሲጨበጥ ገመዱ ረዘም ብሎ እንዲሳብ ስለሚፈልግ፣ ከተለመደው የአስፋልት ብስክሌት መያዣ ጋር ቢያያዝ የፍሬኑ ጎማ ቸርኬውን አጥብቆ ሳይዝ መያዣው መሪው ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ለቪ-ብሬክ ተብሎ የተሠራ መያዣ ይፈልጉ። ቆልማማው መሪ እጅን ወደ ፊት ስለሚያርቅም አጠር ያለ የመሪ አንገት (መሪውን ከብስክሌቱ ጋር የሚያያይዘው ክፍል) ያስፈልጋል። በእኔ አስተያየት፣ ቀጥ ያለውን መሪ ሳይነኩ አስቀድመው መሀሉ ጎልቶ የወጣ ጥርስ የሌለው ልሙጥ ጎማ ቢያስገቡ፣ የሚፈልጉትን ቅልጥፍና አብዛኛውን በዚያው ያገኙታል።