ጀልባ የሚሸከም ትንሽ የመኝታ ተሳቢ፤ ጥያቄና መልስ

የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሐይቅ በበዛበት አገር ነው። በላዩ ካያክና ካኑ (በመቅዘፊያ የሚሄዱ ጠባብ ቀላል ጀልባዎች) የሚጫንበት፣ በውስጡ ሁለት ሰው የሚተኛበት ትንሽ ተሳቢ በገዛ እጄ እንደምሠራ የሰሙ ወገኖች ብዙ ጥያቄ ልከውልኛል። የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። መጠኑን በሜትርና በኪሎ እጽፋለሁ፤ የአሜሪካ ሱቅና ሕግ በጫማና በፓውንድ የሚናገረውን ግን እንዳለ እተወዋለሁ።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ጋሼ፣ አልጋውንና የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ነድፌ ጨርሻለሁ። አሁን ብረት ልግዛ?

አትግዛ። መጀመሪያ ጀልባህን ለካ። ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከአልጋው ነው፤ የተሳቢውን ርዝመት የሚወስነው ግን ጀልባው ነው። ለሐይቅ መዝናኛ የሚሆን ካያክ ከ3 እስከ 3.7 ሜትር ይረዝማል። የባሕር ካያክ 5 ሜትር ይደርሳል። ሁለት ሰው የሚቀዝፈው የተለመደው ካኑ ደግሞ 17 ጫማ፣ ማለትም 5.2 ሜትር ያህል ነው። መኝታ ቤቱ የሚሠራው ፕላይውድ በሚሸጥበት ልክ፣ 4 በ8 ጫማ ነው፤ ርዝመቱ 2.4 ሜትር መሆኑ ነው። እንግዲህ 2.4 ሜትር ቤት ላይ 5.2 ሜትር ጀልባ ልትጭን ነው። ትርፉ ወዴት ይሂድ?

ወደ ፊት ከገፋኸው፣ መኪናው በጠባብ ቦታ ሲታጠፍ የጀልባው አፍንጫ የኋላ መስታወትህን ያገኘዋል። ይህ እንዳይሆን አፍንጫው ከመጎተቻው ኳስ (ተሳቢው ከመኪናው ኋላ የሚያያዝበት የብረት ኳስ) ወደ ኋላ ቢያንስ የመኪናህን ስፋት ግማሽ፣ ለጥንቃቄ 1 ሜትር ያህል ይራቅ። ያለዚያ መሸከሚያው ከመኪናው ጣሪያ በላይ ከፍ ማለት አለበት፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጀልባውን ለመጫን መሰላል ያስፈልግሃል። ወደ ኋላ ከገፋኸው፣ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ከተሽከርካሪው ጫፍ ከ4 ጫማ በላይ ለወጣ ጭነት በቀን ቀይ ጨርቅ፣ በሌሊት ቀይ መብራት ያስፈልጋል። ከጨርቁ የሚከብደው ጉዳይ ግን የሚዛኑ ነው፤ ቀጣዩ ጥያቄ እሱን ያነሳል።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ባዶውን ደኅና የሚሄደው ተሳቢዬ ሁለት ካኑ ስጭንበት በፈጣን መንገድ ላይ ግራና ቀኝ ይዋዥቃል። ጎማው ይሆን?

የጎማውን ንፋስ ተመልከት፤ እኔ የምጠረጥረው ግን ሚዛኑን ነው። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመጎተቻው ኳስ ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ ካነሰ ተሳቢው በራሱ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ይብስበታል።

በምሳሌ ላሳይህ። ከኳሱ እስከ ቤቱ ግንባር 1.5 ሜትር የሆነ ተሳቢ እንውሰድ። አክስሉ፣ ማለትም ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት፣ በተለመደው ቦታ፣ የቤቱን ርዝመት ከፊት 60 በመቶ አልፎ ተቀምጧል። ከኳሱ ሲለካ 2.9 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። ተሳቢው 450 ኪሎ ይመዝናል፤ ከዚያ 45 ኪሎው ኳሱ ላይ ነው። ትክክል ነው፣ 10 በመቶ። አሁን እያንዳንዳቸው 30 ኪሎ የሆኑ ሁለት ካኑዎች ጫንክ፤ አፍንጫቸው ከኳሱ 1 ሜትር ርቋል። የጀልባዎቹ ወገብ ከኳሱ 3.6 ሜትር ላይ ይውላል፤ ከአክስሉ 70 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ኳሱ ላይ ካለው ክብደት 14 ኪሎ ያህል ይቀንሳሉ። የቀረው 31 ኪሎ ነው፤ ጠቅላላው ግን 510 ሆኗል። 6 በመቶ! ባዶውን የተረጋጋው ተሳቢ የሚዋዥቀው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ የመጎተቻውን ዘንግ ማስረዘም ነው። ከኳሱ እስከ ቤቱ 2.2 ሜትር ብታደርገው አክስሉ 3.6 ሜትር ላይ ይውላል፤ የጀልባዎቹ ወገብም ልክ በላዩ ላይ ያርፋል፤ ጫንክ አልጫንክ ኳሱ ላይ ያለው ክብደት አይለወጥም፤ ጠቅላላው ግን ስለሚጨምር ከጫንክ በኋላ 10 በመቶ መሙላቱን መዝነህ አረጋግጥ። ከኋላ የሚወጣው የጀልባ ጫፍም ከ2.3 ወደ 1.6 ሜትር ይቀንሳል። ዘንጉ ሲረዝም ቱቦላሬው ወፍራም መሆን አለበት፤ በነበረው ስስ ብረት ላይ ቅጥያ በየደህ ልታስረዝመው አይገባም። ሙሉውን ለውጠው፤ ከአክስሉ አጠገብ እስካለው መስቀለኛ ብረት ድረስ ይዝለቅ።

ክብደቱን ለመለካት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ተሳቢውን ጭነህ ጎማዎቹን በሽብልቅ ያዝ፤ የቤት ሚዛን መሬት ላይ አስቀምጥና በላዩ እንጨት አቁመህ የመጎተቻውን አፍ አሳርፍበት፤ ዘንጉ ሲጎተት በሚሆንበት ከፍታ ላይ አግድም ይሁን። እስከዚያው ድረስ መንገድ ላይ ቢዋዥቅብህ የመኪናውን ፍሬን በኃይል አትርገጥ። እግርህን ከነዳጅ መስጫው አንሳ፤ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ የጀልባ መሸከሚያውን በእንጨት ጣሪያው ላይ ብቻ ብገጥመው ይበቃል?

አይበቃም። የጀልባው ክብደት ብዙ ላይመስልህ ይችላል፤ ነፋሱ ግን ሌላ ኃይል ነው። አራቱ ምሰሶዎች ከታች ከብረቱ ቻሲስ ተነስተው በቤቱ ጎን ይውጡ፤ ቤቱን ባይነኩት እመርጣለሁ። ምሰሶ ብቻውን ወደ ጎን ስለሚወዛወዝ ሰያፍ ድጋፍ ጨምርለት። ጀልባውን በሁለት ቀበቶ ወገቡ ላይ እሰር፤ ከዚያ ሌላ አፍንጫውና ጭራው የየራሳቸው ገመድ ይኑራቸው። ገመዶቹም ከተሳቢው ጋር እንጂ ከመኪናው ጋር አይታሰሩ፤ መኪናውና ተሳቢው በኩርባ ላይ አንድ መስመር አይይዙምና ገመዱ ወይ ይበጠሳል ወይ ጀልባውን ይሰብራል።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ የእንባ ዘለላ ቅርጽ ያለውን እወደዋለሁ። ወጥ ቤቱ ከኋላ፣ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈተውን ማለቴ ነው። ከጀልባ ጋር ይስማማል?

ውብ ቅርጽ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። አሜሪካ ውስጥ በ1930ዎቹ የተለመደ ነው። የእጅ ሥራ መጽሔቶች ንድፉን ያትሙት ስለነበር ብዙ ሰው በየጓሮው ሠርቶታል። ከጀልባ ጋር ሲሆን ግን ክዳኑ ሲነሳ ከኋላ ከወጣው ጀልባ ጋር ይጋጫል፤ ራት ለማብሰል በየምሽቱ ጀልባ ማውረድ ደግሞ አድካሚ ነው። መሸከሚያውን ከፍ ማድረግ ትችያለሽ፤ ጭነቱ ከፍ ባለ ቁጥር ግን ነፋስ ይበዛበታል። የእኔ ምርጫ የኋላውን ክዳን ለሁለት ከፍሎ እንደ ቁም ሣጥን በር ወደ ጎን እንዲከፈት ማድረግ ነው። ወይም የታችኛው ግማሽ ወደ ታች ወርዶ ጠረጴዛ ይሁን። ቅርጹ ጥቂት ውበት ያጣል፤ ሽሮሽን ግን በሰላም ትሠሪያለሽ።

ጥያቄ (ከኮለምበስ)፦ ዝናብ ሲይዘን ውስጡ ቡና ማፍላት እንችላለን? ትንሽ የከሰል ማንደጃ አለችኝ፤ ብርዱንም ትከላከልልናለች ብዬ ነው።

እህቴ፣ በፍጹም። እዚህ ላይ አልለሳለስም። የዚህ ዓይነት ቤት ውስጡ 3.5 ሜትር ኩብ ያህል አየር ብቻ ነው የሚይዘው። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታትና ድብታ ይጀምራል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ይሞታል። ጭሱ የጠፋ፣ አመድ የለበሰ ፍምም ያው ነው፤ «በደንብ ተቀጣጥሏል፣ አሁን ይግባ» የሚባለው የቤታችን ልማድ በዚህች ሣጥን ውስጥ ነፍስ ያጠፋል። በሩን ገርበብ ማድረግ አያድንም። የፕሮፔን ምድጃም ውስጥ አይለኮስ።

ከበሩ ራቅ አድርገሽ ጎኑ ክፍት የሆነ ሸራ ወጥሪ፤ ማንደጃው፣ ጀበናውና ረከቦቱ እዚያ ይሁኑ። ለብርዱ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ በግድግዳው ውስጥ ደግሞ 2.5 ሴንቲ ሜትር ፎም ይበቃል። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ከአልጋው አጠገብ ስቀይ። ሁለት ሰው ሲተኛ ትንፋሹ ግድግዳው ላይ ውሃ ይሆናልና ክረምትም ቢሆን አንድ መስኮትና የጣሪያው አየር ማውጫ ጥቂት ክፍት ይደሩ።

ጥያቄ (ከላስ ቬጋስ)፦ ብየዳ አልችልም። ተስፋ ልቁረጥ?

ለምን? በቡሎንና በዳዶ የሚገጣጠም የ4 በ8 ጫማ ተሳቢ በሣጥን ይሸጣል። ያገለገለ ጀልባ ተሸካሚ ተሳቢ ካገኘህማ ይሻላል፤ ዘንጉ ከመነሻው ረጅም ነው። አሮጌ ከገዛህ ባሌስትራውን፣ ዝገቱንና ኩሽኔታውን መርምር፤ ኩሽኔታው ወጥቶ ታጥቦ አዲስ ግራሶ ይግባለት። ከሚገኙት ጎማዎች ትልቁን ምረጥ፤ ትንሽ ጎማ በአንድ ፍጥነት ብዙ ጊዜ ስለሚሽከረከር ኩሽኔታው ቶሎ ይግላል። ካያክ በእጅ ተይዞ የሚወርድ ነውና ተሳቢውን ሐይቅ ውስጥ አታስገባው፤ የጋለ ኩሽኔታ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ብየዳውን የምትሞክሩ ደግሞ ዚንክ የተቀባውን ብረት ሳትፍቁ አትበይዱ፤ ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያስከትላል።

ጥያቄ (ከሳን ሆዜ)፦ በቶዮታ ፕሪየስ መኪና መጎተት እችላለሁ?

የመኪናህን መመሪያ መጽሐፍ አንብብ፤ እሱ ካልፈቀደ እኔ ልፈቅድልህ አልችልም። የቆዩት የአሜሪካ ፕሪየሶች መመሪያ መጎተትን አይመክርም። በካሊፎርኒያ ጠቅላላ ክብደቱ 1500 ፓውንድ የደረሰ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ያስፈልገዋል፤ በብዙ ሌሎች ግዛቶች መነሻው 3000 ነው። ተሳቢ የሚጎትት መኪና በካሊፎርኒያ ከ55 ማይል በላይ አይነዳም።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ መብራቱ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። ሽቦዎቹንም ማወቅ አልቻልኩም።

ባለ አራት ሽቦው ማገናኛ በአሜሪካ ቀለሙ አንድ ዓይነት ነው። ነጩ መሬት (የኤሌክትሪኩ መመለሻ) ነው። ቡናማው የኋላ መብራት፣ ቢጫው የግራ ፍሬቻና ፍሬን፣ አረንጓዴው የቀኝ ፍሬቻና ፍሬን ናቸው። አንዴ በርቶ አንዴ የሚጠፋ ከሆነ ነጩን ፈትሽ፤ የታሰረበት ብረት ቀለም ወይም ዝገት ይኖረዋል። ብረቱ እስኪያበራ ፍቀህ እሰረው። የሚሻለው ለየመብራቱ የራሱን ነጭ ሽቦ እስከ ማገናኛው መዘርጋት ነው። የደኅንነት ሰንሰለቶቹን ደግሞ ከዘንጉ ሥር አጠላልፈህ እሰራቸው፤ ኳሱ ቢለቅ ዘንጉ በእነሱ ላይ ያርፋል እንጂ አስፋልት አይወጋም።

ጥያቄ (ከፖርትላንድ)፦ እንጨት ውሃ እንዳይገባው ምን ይቀባል?

እንጨት የሚበሰብሰው ከጫፉና ከቀዳዳው ነው፤ ሰፊው ፊት ብዙም አያስቸግርም። ስለዚህ የፕላይውዱን ጠርዝ ሁሉ ኤፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ) አጥግበው። ለቡሎን የምትበሳውን ቀዳዳ አስፍተህ ብሳ፣ በኤፖክሲ ሙላው፤ ሲደርቅ በመሃሉ በልኩ ደግመህ ብሳ። ያን ጊዜ ቡሎኑ እንጨት አይነካም። ለውጭው ፊት ርካሽና ጥሩ ዘዴ አለ፤ የጥጥ ሸራ በእንጨት ኮላ ለጥፎ፣ ኮላው ከደረቀ በኋላ የውጭ ቀለም ደጋግሞ መቀባት። ሸራው ስለማይሰነጠቅ ቀለሙን ይይዘዋል። በሲልከን ብቻ አትተማመን፤ በላዩ ቀለም አይይዝም፣ ሲላቀቅም አያሳውቅህም።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ እዚህ ጀርመን ይቻላል?

ይቻላል፤ ነገር ግን ንድፉን ይዘው ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተሽከርካሪ ፍተሻ መርማሪውን ያነጋግሩ። ያለ ፍተሻ ታርጋ አይገኝም፤ ሠርተው ከጨረሱ በኋላ «ይህ ብረት አይሆንም» ከሚባሉ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። በተራው የቢ መንጃ ፈቃድ የተፈቀደ ከፍተኛ ክብደቱ እስከ 750 ኪሎ የሆነ ተሳቢ መጎተት ይችላሉ። አክስሉንና የመጎተቻውን ዘንግ ማረጋገጫ ወረቀት ካለው ፋብሪካ ይግዙ፤ እነዚህን ሁለቱን በእጅ ለመሥራት አይድከሙ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ላንጋኖ ይዤ ልሄድ አስቤ ነው። ሥራው እዚህ ይቻል ይሆን?

ቱቦላሬና አንጎላሬ በየብረታ ብረቱ ሱቅ አለ፤ ጎበዝ በያጅም አይጠፋም። ለኮረኮንቹ መንገድ የመኪናህን ጎማና ቸርኬ የሚጋራ አክስል አሠራ፤ አንድ ትርፍ ጎማ ለሁለቱም ይሆናል። ከሥሩም ከፍ ይበል። ጫሞ ላይ ግን አዞና ጉማሬ አለና ካያክ አልመክርም። ጣና ላይ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩትን ሰዎች ዕድሉን ካገኘህ ቁጭ ብለህ ተመልከት። ጀልባቸው በየጊዜው ከውሃ ወጥቶ መድረቅ ይፈልጋል፤ እነሱም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ጥያቄ (ከሴንት ፖል)፦ ጎረቤትህ ነኝ። በዚህ ግዛት ለጀልባው የተለየ ነገር ይጠየቃል? በክረምትስ ተሳቢውን የት አደርገዋለሁ?

ሞተር ባይኖረውም ከ10 ጫማ የረዘመ ካያክና ካኑ እዚህ መመዝገብ አለበት። ከሐይቅ ስትወጣ ውሃውን ሁሉ አፍስስ፤ ከጀልባውም ከተሳቢውም ላይ ሣሩን ልቀም። ወደ ሌላ ሐይቅ የሚዛመተውን ዜብራ መስል፣ ማለትም ባለ መስመር ቅርፊት ያለውን ትንሽ የውሃ ፍጥረት፣ የምናሻግረው እኛው ነን፤ ሕጉም ይቀጣል። ለክረምቱ ፍራሹን ወደ ቤት አስገባ፣ ጣሪያው ላይ ያለውን አየር ማውጫ በትንሹ ክፈት፤ በረዶ እንዳይገባበት ግን ክዳን ይኑረው። ፕላስቲክ አጥብቀህ አትጠቅልለው፤ እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ሚያዝያ ላይ ሻጋታ ይጠብቅሃል። ጎማዎቹ መሬት እንዳይጫናቸው ቻሲሱን በግንድ ላይ አሳርፈው። ከኋላው ጫፍ ይልቅ አፍንጫውን ጥቂት ከፍ አድርገህ ብታቆመው ጣሪያው ላይ የቀለጠው በረዶ ወደ ኋላ ይወርዳል።