ቺፑ ተገናኝቷል፣ ሊኑክሱ ግን አያውቀውም፦ ከኮምቦልቻ ለጻፍሽልኝ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሌሎችም እንዲከታተሉን ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። የ4ኛ ዓመት የኤሌክትሪካልና ኮምፒዩተር ምህንድስና ተማሪ ነሽ፣ አሁን ኢንተርንሺፕ ላይ። አለቃሽ አንድ ራስፕቤሪ ፓይ (በአንድ ቦርድ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒዩተር) እና ዲኤስ3231 የምትባል ትንሽ የሰዓት ቺፕ ሰጥተውሽ «መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ እንዳይዛባ አድርጊ» አሉሽ። ሽቦውን በትክክል አገናኘሽ። ሊኑክሱ ግን ቺፑን ጭራሽ አላወቀውም። ስትጠይቂ «ዲቫይስ ትሪ ላይ ጻፊው» ተባልሽ። ጓደኞችሽ ደግሞ «ዌብ ተማሪ፣ እንጀራው እሱ ጋ ነው» እያሉ ይጎተጉቱሻል። ያለሽ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ይህን ነገር ልግፋበት ወይስ ልተወው ነው ጥያቄሽ።

አብሽሪ። ግፊበት ነው መልሴ። ምክንያቱን ለመረዳት ግን ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነ ጥርት ማለት አለበት።

ላፕቶፕሽ ላይ ፍላሽ ስትሰኪ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነሉ ማንነቱን ይጠይቀዋል። ፍላሹም የአምራቹንና የምርቱን ቁጥር ይመልሳል። ዩኤስቢና ፒሲአይ የሚባሉት መገናኛዎች እንዲህ ናቸው። የቀረውን የላፕቶፑን ክፍል ደግሞ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚመጣው ኤሲፒአይ የሚባል መግለጫ ይነግረዋል። አንቺ የሰዓት ቺፑን ያገናኘሽበት አይቱሲ የሚባለው የቺፖች መገናኛ ግን እንዲህ ያለ መተዋወቂያ የለውም። ቺፑ በአድራሻው ሲጠሩት አለሁ ከማለት በቀር ምን ዓይነት ቺፕ እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ አንድ ሰው ለከርነሉ በጽሑፍ ሊነግረው ይገባል። ያ ጽሑፍ ነው ዲቫይስ ትሪ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሰንና አፕል የሚባሉት ኩባንያዎች ኮምፒዩተሮቻቸው ላይ ይጠቀሙበት ከነበረው ኦፕን ፈርምዌር ከሚባል የማስነሻ ሶፍትዌር የመጣ ነው፤ እሱም በ1994 አይትሪፕልኢ በሚባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ደረጃ ሆኖ ወጥቷል። ሊኑክስ ቀደም ብሎ ፓወርፒሲ በሚባሉት ፕሮሰሰሮች ላይ ተጠቀመበት። አርም በሚባሉት ፕሮሰሰሮች ላይ ግን ለረጅም ጊዜ እያንዳንዱ ቦርድ የራሱ የሲ ኮድ ፋይል ነበረው። ቦርዱ በበዛ ቁጥር ከርነሉ ውስጥ ተመሳሳይ ኮድ ተከመረ። በ2011 የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ በአደባባይ ተማረረ፤ ከዚያ በኋላ ነው የአርም ዓለም በፍጥነት ወደ ዲቫይስ ትሪ የዞረው። ዛሬ ሪስክ-ፋይቭ የሚባለው የፕሮሰሰር ዓይነትም ይጠቀምበታል። ዜፈር የሚባለው የትንንሽ ማይክሮኮንትሮለሮች ሥርዓትም ይጠቀምበታል፤ እዚያ ግን መግለጫው የሚነበበው ፕሮግራሙ ኮምፓይል ሲደረግ ነው። አንዴ ከተማርሽው ብዙ ቦታ ያገለግልሻል የምልሽ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቺፕሽ እንምጣ። ለራስፕቤሪ ፓይ የተዘጋጀ ኦቨርሌይ፣ ማለትም በዋናው ዲቫይስ ትሪ ላይ የሚደረብ ትንሽ መግለጫ፣ አለ። የማስነሻ ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ጨምረሽ ስታስነሺው ሥራው ያልቃል። ለአለቃሽ ዛሬውኑ እንደዚያ አድርገሽ አስረክቢ። ማታ ግን ያንን ኦቨርሌይ ከፍተሽ አንብቢውና ራስሽ ከባዶ ጻፊው። ርዝመቱ ጥቂት መስመር ነው። በአይቱሲው ባስ (መገናኛ መስመር) ሥር አንድ ኖድ (የመሣሪያው መግለጫ ክፍል) ትከፍቻለሽ። «ኮምፓቲብል» በሚለው ቦታ የአምራቹን ስምና የቺፑን ስም ታስቀምጫለሽ፦ ማክሲም፣ ኮማ፣ ዲኤስ3231። «ሬግ» በሚለው ቦታ አድራሻውን፣ በሄክስ 68። በቃ።

ትንሽ ነው ብለሽ ግን አትናቂው። «ኮምፓቲብል» ላይ በቺፑ ስም አንድ ፊደል ብትስቺ መግለጫውን ለከርነሉ የሚያዘጋጀው ኮምፓይለር ዝም ብሎ ያልፍሻል። ከርነሉም ስህተት አይልሽም። ቺፑን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ የሚፈልገውን ስም ስለማያገኝ አይነሳም፣ አለቀ። አድራሻው ላይ ደግሞ የሄክስ ምልክቱን ረስተሽ 68 ብቻ ብትጽፊ እንደ ተራ ቁጥር ይወሰዳል፤ ያ በሄክስ 44 ነው፣ እዚያ አድራሻ ላይ ደግሞ ያንቺ ቺፕ የለም። ይህቺን እንኳ ኮምፓይለሩ በማስጠንቀቂያ ሊነግርሽ ይችላል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያዎቹን አትለፊያቸው። ሲሳካ የአይቱሲ መፈተሻው 68 ቁጥር ላይ ሁለት «ዩ» ፊደላት ያሳይሻል፤ ድራይቨሩ ቺፑን ይዞታል ማለት ነው።

ከአገባቡ በላይ አጥብቀሽ እንድትይዢው የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ዲቫይስ ትሪ ሃርድዌሩ ምን እንደሆነ ይገልጻል፤ ሊኑክስ ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልጊ አይገልጽም። ቺፑ በየትኛው ባስ ላይ እንዳለ፣ ቺፑ ትኩረት የሚጠይቅበት የኢንተራፕት ሽቦ የትኛው ፒን ላይ እንደገባ እዚያ ይጻፋል። ሰዓቱ በየስንት ደቂቃው ይነበብ የሚለው ግን እዚያ ቦታ የለውም። ያንኑ መግለጫ ማሽኑን የሚያስነሳው ዩ-ቡትም፣ ሌላው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፍሪቢኤስዲም ሊያነቡት ይችላሉ። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ጀማሪ ብዙ አይገኝም። ዳታሺት (የቺፑ ዝርዝር ሰነድ) እና ስኬማቲክ (የቦርዱ የሽቦ ንድፍ) አንብቦ እውነቱን ብቻ መጻፍ የምህንድስና ትምህርትሽ ያዘጋጀሽ ሥራ ነው። ዌብ ብቻ የተማረ ሰው በቀላሉ የማይደርስበት ቦታ ላይ ቆመሻል።

ቦርዱን ለአለቃሽ ስትመልሺ በምን እለማመዳለሁ ላልሽው፣ ላፕቶፕሽ ይበቃል። ኪውኢሙን (ሌላ ማሽንን በላፕቶፕሽ ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) እና የዲቫይስ ትሪ ኮምፓይለሩን ጫኚ። የከርነሉ ኮድ ከ100 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ ግቢ ውስጥ ኔትወርክ ሲኖር አንዴ አውርጂው። ከዚያ ኪውኢሙን «ቨርት» የሚለውን የአርም ማሽን መግለጫ ፋይል አድርጎ እንዲያወጣልሽ እዘዢው፣ በኮምፓይለሩም ወደሚነበብ ጽሑፍ መልሺው። ማህደረ ትውስታው ከየት እንደሚጀምር፣ ማሽኑ ጽሑፍ የሚያወጣበት ሲሪያል ፖርት በየትኛው አድራሻ እንዳለ ሁሉንም በዓይንሽ ታያለሽ። አሁን ሲሪያል ፖርቱ ላይ «ስታተስ» ጨምረሽ «ዲሴብልድ» በዪውና ማሽኑን በዚያ መግለጫ አስነሺው። ስክሪኑ ጭጭ ይላል። ከርነሉ ግን አልሞተም፣ እየሠራ ነው። ፖርቱም እዚያው አለ። የለም ተብሎ ስለተነገረው ብቻ አልነካውም። ይህን በገዛ እጅሽ ስታደርጊው ከብዙ ሰዓት ንባብ የበለጠ ይገባሻል።

ወደ እንጀራው ልምጣ፣ እዚህ ላይ አልዋሽሽም። ኮምቦልቻም ደሴም «የዲቫይስ ትሪ ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አታዪም። የአካባቢያችን ፋብሪካዎች የሚፈልጉት ፒኤልሲ (የፋብሪካ ማሽን መቆጣጠሪያ)፣ ሞተርና ሴንሰር የሚጠግን ሰው ነው። ያንን ሙያ እንዳትጥዪ፤ ከምረቃ በኋላ ፈጥኖ የሚቀጥርሽ እሱ ሊሆን ይችላል። ይህኛው ሙያ የሚከፈልበት ራውተር፣ የመኪና ኮምፒዩተር፣ የሕክምና መሣሪያ በሚሠሩ ድርጅቶች ዘንድ ነው፤ አብዛኞቹ ውጭ አገር ናቸው፣ አንዳንዶቹ ከርቀት ያሠራሉ። ስትፈልጊ «ኢምቤድድ ሊኑክስ ኢንጂነር» ወይም «ቢኤስፒ ኢንጂነር» (ሶፍትዌርን ከቦርድ ጋር የሚያገጣጥም) በሚል ስም ፈልጊ።

ሲቪሽ ላይ «ኢምቤድድ ሲስተም እችላለሁ» ብለሽ አትጻፊ። ያ ለማንም ምንም አይናገርም። ይልቅ የትኛውን ቺፕ በየትኛው ቦርድ መግለጫ ላይ እንደጨመርሽ ጻፊና ኮዱ ያለበትን ሊንክ አስቀምጪ። ኢንተርቪው ላይ ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ ድራይቨሩ አልተነሳም፣ ከየት ትጀምሪያለሽ? መልሱን ከአሁኑ ተለማመጂው። መጀመሪያ ኖዱ በሚሠራው ሲስተም ውስጥ መግባቱን ከርነሉ ስለ ሲስተሙ መረጃ በሚያሳይበት ፕሮክ ሥር ባለው የዲቫይስ ትሪ ፎልደር ታያለሽ። ከዚያ ስታተሱን። ከዚያ ኮምፓቲብሉ ድራይቨሩ ውስጥ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መግጠሙን። ከዚያ ድራይቨሩ ራሱ ከከርነሉ ጋር መገንባቱን። ሽቦ መነካካት ከዚህ በኋላ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል የምትመልስ ተማሪ ሥራውን በእጇ እንደሠራችው ወዲያው ይታወቃል።

ትንሽ ስትጠነክሪ ወደ ከርነሉ ራሱ ተጠጊ። እያንዳንዱ መሣሪያ እንዴት እንደሚገለጽ የሚደነግጉ ሰነዶች አሉ፤ ባይንዲንግ ይባላሉ። ቀድሞ በተራ ጽሑፍ ነበር የሚጻፉት፤ አሁን ማሽን ሊፈትሻቸው ወደሚችል ያምል የሚባል የጽሑፍ ቅርጽ እየተቀየሩ ነው፣ ያልተቀየሩም አሉ። አንዱን መርጠሽ፣ ዳታሺቱን አንብበሽ፣ ከርነሉ በሚጠቀምበት መፈተሻ አጣርተሽ መላክ ትችያለሽ። የሚመልሱልሽ ሰዎች ቀጥተኛ ናቸው። «ይህ ሃርድዌር አይገልጽም» ብለው ሊመልሱብሽ ይችላሉ። አይክፋሽ፣ አስተካክለሽ ድጋሚ ላኪ። ተቀባይነት ካገኘ ስምሽ በከርነሉ ታሪክ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቀጣሪም ራሱ ገብቶ ያየዋል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ዓመቱን ሙሉ አትስጪው። አንድ ሴሚስተር ከትምህርትሽ ጎን ያዢው። ዳታሺት ማንበብ እየሰለቸሽ ከመጣ ያለ ጸጸት ተዪው፤ ዌቡ የትም አይሄድብሽም። እየጣመሽ ከሄደ ግን የ5ኛ ዓመት ፕሮጀክትሽን በዚሁ ዙሪያ ምረጪ፣ አማካሪሽንም ከአሁኑ አነጋግሪ።

የራስሽን ቦርድ ለመግዛት አትቸኩይ። ስትገዢም ሁለት ነገር አጣሪ፦ ስኬማቲኩ በይፋ ይገኛል ወይ፣ መግለጫው በዋናው ከርነል ውስጥ አለ ወይ። ቢግልቦን ብላክ ሁለቱንም ያሟላል። ሁለቱም የሌሉትን ቦርድ በርካሽ ቢሰጡሽም አትውሰጂው።