ራስ አሉላን ሆኖ ለመቆም
ጥያቄህ «ለዓድዋ በዓል ራስ አሉላን ሆኜ አደባባይ ልወጣ ነው፤ ከየትኛው ልብስ ልጀምር?» የሚል ነው። ከልብሱ በፊት ዓመቱን ምረጥ። በ1879 ዶጋሊ ላይ የተዋጋው አሉላ የአፄ ዮሐንስ ሹም ነው፣ መረብ ምላሽን (ከመረብ ወንዝ ማዶ ያለውን የዛሬውን የኤርትራ ደጋ) ይገዛል፤ ምኒልክም ያኔ የሸዋ ንጉሥ እንጂ ንጉሠ ነገሥት አይደሉም። የ1888ቱ አሉላ ግን ጌታው መተማ ላይ የወደቁበት፣ ለምኒልክ ያደረ አዛውንት የጦር ሰው ነው። ለበዓሉ 1888ን ያዝ፤ ዶጋሊን እንደ ትዝታ ታወራዋለህ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ዶጋሊ ላይ ያለቀው የጣሊያኑ መኮንን የዴ ክሪስቶፎሪስ 500 ያህል ወታደር ነው፣ ጄኔራል ባራቲየሪ ግን የዓድዋው የጣሊያን ጦር አዛዥ ነው። አሉላ በ1889 ስለሞተ ከዚያ ወዲህ ያለውን አታውቅም። ስለ ማይጨው ጦርነት ከጠየቁህ «ማይጨውን አውቀዋለሁ፣ ምን ሆነ?» በልና ጠያቂው ራሱ ይተርክልህ።

ልብሱ ቀላል ነው፦ ነጭ እጀ ጠባብ፣ ጠበብ ያለ ሱሪ፣ ኩታ፣ ከላይ ለምድ (ትከሻ ላይ የሚደረብ ካባ)። ለምዱን አንገት ላይ ብቻ ካሰርከው እጅህን ባነሳህ ቁጥር ወደ ኋላ ይጎትትሃል፤ በሁለቱም ትከሻ ከእጀ ጠባቡ ጋር በክር ያዘው። ራስ ላይ የሚደረገውን ጎፈር ረጅም ፀጉር ካለው የፍየል ቆዳ ሥራው፤ በማስቲሽ የተለጠፈ ፀጉር ላብ ሲነካው ይረግፋል፣ ስለዚህ ይሰፋ። ስኒከር ግን በምንም ምክንያት አይሆንም፣ ከባዶ እግር ይሻላል ብለህ እንኳ አታድርገው።

ጎራዴው በቀኝ ጎን ነው የሚታጠቀው። ግራ እጅ ጋሻ ስለሚይዝ፣ በግራ የታጠቀ ሰው ሊመዝ ሲል ከራሱ ጋሻ ጋር ይጋጫል። በግራ መታጠቅ የፈረንጅ መኮንን ወግ ነው፤ አዋቂ ተመልካች መጀመሪያ የሚያየውም እሱን ነው።

ጠመንጃው ከእንጨት ይሁን፤ እሱንም ቢሆን ለአዘጋጆቹ አስቀድመህ ንገር፣ አለዚያ ፍተሻ ላይ ትቀራለህ። በ1868 ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብፆች የተማረከውን ሬሚንግተን ምሰል፦ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ27 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በየተኩሱ አንድ ጥይት ነው የሚጎርሰው። መዶሻውን ወደ ኋላ ሳብ፣ መዝጊያውን በአውራ ጣት ገልብጥ፣ ጥይት አግባ፣ ዝጋ። ይህን ቀስ ብለህ ብታሳይ ሕዝቡ ዝም ብሎ ያይሃል፤ በአፍ «ጧ ጧ ጧ» እያሉ ማርከፍከፍ ግን ክላሽ ያስመስለዋል።

ፉከራውን ለራስህ አታድርገው። ራስ በገዛ ጭፍራው ፊት እየዘለለ ጀግንነቱን አይቆጥርም፤ የሚፎክርለት አለ፣ እሱም ቢፎክር ከሱ በላይ ባለው ጌታ ፊት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጓደኛ ፈልግ፦ አንዱ ጋሻ ጃግሬ ሆኖ ጋሻና ጠመንጃህን ይያዝ፣ ሌላው በአሉላ የፈረስ ስም «አባ ነጋ!» እያለ ይፎክር። አንተ ቁጭ ብለህ ስማ። ድምፅህም ይተርፋል፣ ከሰዓት በኋላ ለጥያቄ ትፈልገዋለህ።

የተምቤን ሰው ነው ብለህ ግን አማርኛውን በትግርኛ ቅላጼ አታስመስል፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሳቅ ይሆናል። ትግርኛ የምትችል ከሆነ ትእዛዙን በትግርኛ ስጥ፣ ካልቻልክ በራስህ አነጋገር ተናገር።