ፊዚክስ ጨርሻለሁ፤ ወደ አየር ጠባይ ሞዴል እንዴት ልግባ?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ጨርሻለሁ። የፍሰት ስሌትና የከባቢ አየር ሞዴል ተመራማሪ መሆን እፈልጋለሁ። ያለኝ አንድ ላፕቶፕ ነው። ደብሊው አር ኤፍ የተባለውን ነፃ የአየር ጠባይ ማስሊያ ሞዴል ጭኜ የስሜንን አካባቢ ላስኬድ ብል መሐል ላይ እየተቋረጠ አስቸገረኝ። ከየት ልጀምር?
አንባቢ፣ ከማራኪ

መልስ፦ ሞዴሉን ለጊዜው ያቆዩትና አንድ ትንሽ ፕሮግራም በእጅዎ ይጻፉ። 100 ነጥብ ባለው መስመር ላይ የጭስ ክምር በማይለዋወጥ ነፋስ ሲነዳ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ያስሉ፤ የእያንዳንዱን ነጥብ ለውጥ ነፋሱ ከሚመጣበት ጎን ካለው ጎረቤቱ ጋር ካለው ልዩነት ያውጡ። ነፋሱ በአንድ የጊዜ እርምጃ የሚሄደው ርቀት በነጥቦቹ መካከል ላለው ክፍተት ሲካፈል የኩራንት ቁጥር ይባላል። 0.8 ሲሆን ጭሱ ይጓዛል፤ ጠርዙ ግን እየደበዘዘ ይሄዳል። 1.1 ያድርጉት፦ መስመሩ የመጋዝ ጥርስ ይመስልና ቁጥሮቹ ያለ ልክ ያብጣሉ። የሒሳብ ሊቃውንቱ ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌዊ እ.ኤ.አ. በ1928 ያሳዩት ይህንኑ ነው።

የእርስዎም ሞዴል የሚቋረጠው በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። በደብሊው አር ኤፍ የተለመደው የጊዜ እርምጃ ለእያንዳንዱ ኪሎሜትር ክፍተት 6 ሴኮንድ ነው፤ ለ9 ኪሎሜትር 54 ሴኮንድ ማለት ነው። በስሜን ገደል ላይ ግን ነፋሱ በኃይል ሽቅብ ይወጣል፣ የሞዴሉ የታችኛዎቹ ንብርብሮችም ስስ ናቸው። እርምጃውን ወደ 36 ወይም 27 ሴኮንድ ያውርዱት። ክፍተቱን ለማጥበብ አይቸኩሉ፤ በግማሽ ሲጠብ ሥራው 8 እጥፍ ይሆናል።

የበለጠ የሚያሠጋው ሳይቋረጥ የሚያሳስተው ነው። ለሞዴሉ የሚሰጠው መነሻ መረጃ ጣናን ካላየው ሞዴሉ የሐይቁን ሙቀት ከሌላ ውሃ፣ ምናልባትም ከቀይ ባሕር ሊወስድ ይችላል። በዚያ ሙቀት የተሰላ ጣና ከልክ ያለፈ እርጥበትና ዝናብ ያመጣል። መድኃኒቱ የሐይቁን ሙቀት ከአየሩ ሙቀት የ24 ሰዓት አማካይ መውሰድ ነው፤ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ከሞዴሉ ጋር አብሮ ይመጣል። ሙሉ የ24 ሰዓት መረጃ ይስጡት፤ ሌሊቱ ቀርቶ የቀኑ ብቻ ከሆነ ሐይቁን ያለ ልክ ያሞቀዋል።

ከዚያ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓትና ፎርትራን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ይማሩ፤ ሞዴሉ የተጻፈው በፎርትራን ነው። የክረምት ዝናብ የጣለባቸውን ጥቂት ቀናት መርጠው ሞዴሉን ያስኪዱ፤ ሞዴሉ ገና ያልተረጋጋበትን የመጀመሪያውን 12 ሰዓት ይተዉና ውጤቱን ከዝናብ መለኪያ ጋር ያስተያዩ። ጣሊያን ትሪየስት ያለው ዓለም አቀፉ የቲዎሪያዊ ፊዚክስ ማዕከል በምድር ሥርዓት ፊዚክስ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ለታዳጊ አገሮች ተማሪዎች ይሰጣል። ለእሱም ሆነ ለማስተርስ ሲያመለክቱ ሞዴሉ የት እንደሳተና ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ከነሥዕሉ ያያይዙ።